በደጋማ አካባቢዎች የትናንሽ አውሮፕላኖች በኃይል ማረፍ፦ መንስኤው፣ መከላከያውና የኅብረተሰቡ ድርሻ

መግቢያ

ከአውሮፕላን በረራ ክፍሎች ውስጥ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ናቸው። አውሮፕላኑ ከአየር ወደ መሬት በሚሸጋገርበት በዚህ ጊዜ የቁልቁል ፍጥነቱ በሚገባ ካልተገታ፣ ጎማዎቹ መሬት የሚነኩት ከታሰበው በላይ በሆነ ኃይል ይሆናል። ይህ ክስተት በአቪዬሽን ሙያ «ሃርድ ላንዲንግ» ወይም በኃይል ማረፍ ተብሎ ይጠራል።

በኃይል ማረፍ በማንኛውም አውሮፕላን ላይ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ለሥልጠና፣ ለኪራይ በረራ፣ ለሕክምና ድጋፍ፣ ለፀረ-አንበጣ ርጭትና ለግል ጉዞ የሚውሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በአብዛኛው አንድ አብራሪ ብቻ ይይዛቸዋል፤ ክብደታቸው ቀላል በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ያናውጻቸዋል፤ አንዳንዶቹም የሚያርፉት አስፋልት ባልለበሰ ሜዳ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የክስተቱን ምንነትና መንስኤ የሚያብራራ ሲሆን፣ ለማሳያነት የተወሰደው ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳና በጣራ ገዳም አድርጎ እስከ ደብረ ታቦርና ጉና ተራራ የሚዘልቀው የደቡብ ጎንደር መልክዓ ምድር ነው።

በኃይል ማረፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ማንኛውም አውሮፕላን ሲሠራ የማረፊያ ጎማዎቹና አካሉ ሊሸከሙት የሚችሉት የቁልቁል ፍጥነት አስቀድሞ ይወሰናል። ለትናንሽ አውሮፕላኖች በሰፊው ሲሠራበት የኖረው የንድፍ መለኪያ፣ እንደ አውሮፕላኑ ክብደትና እንደ ክንፉ ስፋት፣ በሰከንድ ከ2.1 እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። በትክክለኛ አስተራረፍ ግን ጎማው መሬት የሚነካው ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው። አብራሪው ወደ መሬት ሲቃረብ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በዝግታ ቀና በማድረግ የቁልቁል ፍጥነቱን ይገታልና።

አፍንጫው ቀና የሚደረገው ከሚገባው ከፍታ በላይ ከሆነና የአውሮፕላኑ ፍጥነት ከቀነሰ፣ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ያጣል። በዚህ ሁኔታ ከ1.2 ሜትር ከፍታ ላይ በነፃ የሚወድቅ አውሮፕላን መሬት የሚመታው በሰከንድ 5 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። የምቱ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ መጠን በመሆኑ፣ ይህ ምት በሰከንድ 2.1 ሜትር ከሚደርሰው ምት ከአምስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከሰው ደረት የማይበልጥ ከፍታ የአውሮፕላንን እግር ሊሰብር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የአደጋ መልክ መንጠር ነው። አውሮፕላኑ መሬት መትቶ ወደ ላይ ሲነጥር አብራሪው ደንግጦ አፍንጫውን ወደ ታች ቢገፋ፣ በሁለተኛው ምት ቀድሞ መሬት የሚነካው የፊት ጎማ ይሆናል። የፊት ጎማ ከዋናዎቹ ጎማዎች ይልቅ ደካማ ነው። በመሆኑም ጎማው ሊሰበር፣ ፕሮፔለሩ መሬት ሊመታ፣ ሞተሩንና የአብራሪውን ክፍል የሚለየው የብረት ግድግዳም ሊጣመም ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያው ምት ሳይሆን ከእሱ በኋላ በሚወሰደው የተሳሳተ እርምጃ ነው።

የደጋው አየር በአስተራረፍ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የፎገራ ሜዳም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በሊቦ ከምከም ወረዳ የሚገኘው የጣራ ገዳም ደን ከ2,100 ሜትር በላይ ባለ ተራራ ላይ የተዘረጋ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከዚያ በስተምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ባለው 42 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ውስጥ ምድሩ ወደ 900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው።

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ቀን የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው መደበኛ እፍጋት 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታም 2,700 ሳይሆን 3,500 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም የሚከተሉትን ውጤቶች ያስከትላል።

አንደኛ፣ እውነተኛው ፍጥነት ይጨምራል። የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያሳየ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ወደ መሬት ሲወርድ በባሕር ወለል የቁልቁል ፍጥነቱ በሰከንድ 1.6 ሜትር ከሆነ፣ በደብረ ታቦር ከፍታ 1.9 ሜትር ይደርሳል። አቀራረቡ ወደ 5 ዲግሪ ቢያዘነብል ደግሞ በሰከንድ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ይህም አፍንጫው በጊዜው ካልቀና ከንድፍ ወሰኑ በላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። ነፋስ በሌለበት አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ የያዘው የጉዞ ጉልበት በባሕር ወለል ከሚኖረው በ40 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ፣ በቆላ የሚበቃ ማኮብኮቢያ በደጋ ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ አቅም ይቀንሳል። አየር በተጨማሪ ግፊት የማያገኝ የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። በቆላማ ቦታ የሠለጠነ አብራሪ ከማረፉ በፊት የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ «ሙሉ ነዳጅ» መግፋት የለመደ ይሆናል። በደጋ ይህ ልማድ ሞተሩን በነዳጅ ያፍነዋል፤ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣት በሚያስፈልገው ቅጽበትም ያለው ጥቂት ጉልበት ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ድብልቁ በአውሮፕላኑ መመሪያ መሠረት ለከፍታው መስተካከል ይኖርበታል።

አብራሪን የሚያሳስቱ ሁኔታዎች

በደጋ ሲታረፍ መሬቱ ከተለመደው በላይ እየፈጠነ ወደ ኋላ የሚሸሽ መስሎ ይታያል። ይህን በዓይኑ የሚያይ አብራሪ ከመጠን በላይ የፈጠነ ይመስለውና መለኪያውን ሳይመለከት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክንፉ የሚፈልገው ግን በመለኪያው ላይ የሚታየውን ፍጥነት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን መሸከሙን ያቆምና አውሮፕላኑ ይወድቃል። በከፍተኛ ቦታዎች ለሚደርስ በኃይል ማረፍ አንዱ ዋና ምክንያት ይህ የዓይን ማሳሳት ነው።

የማኮብኮቢያው ቅርጽም ያሳስታል። ወደ ላይ የሚያቀና ማኮብኮቢያ አብራሪው ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ እንዲመስለው ስለሚያደርግ ዝቅ ብሎ እንዲመጣ ይገፋፋዋል። ቁልቁል የሚሄደው ደግሞ ተቃራኒውን ያስከትላል። ጠባብ ማኮብኮቢያ ከፍ ያሉ ያስመስላል፤ በዚህም አፍንጫው ዘግይቶ ይቀናል። ሰፊው ግን ዝቅ ያሉ ያስመስልና አፍንጫው ያለጊዜው እንዲቀና ያደርጋል።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። በተራራና በሸለቆ መካከል ነፋስ በአጭር ርቀት ውስጥ አቅጣጫና ጉልበት ይለውጣል። ከፊት ይነፍስ የነበረው ነፋስ መሬት አጠገብ በድንገት ሲቆም አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ያጣል። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ይህ መናወጥ ስለሚጨምር ለትናንሽ አውሮፕላኖች የማለዳ በረራ ይመረጣል። በክረምት ወራት ደግሞ ርጥብ ሣርና ጭቃ ፍሬን እንዳይዝ ያደርጋሉ፤ ለስላሳ መሬትም የፊት ጎማን ይዞ ሊያስቀር ይችላል።

በመጨረሻም እንስሳትና አእዋፍ ይጠቀሳሉ። ባልታጠረ ሜዳ ላይ የሚግጡ ከብቶች አብራሪው በመጨረሻው ሰከንድ ድንገተኛ ውሳኔ እንዲወስድ ያስገድዱታል። በጣና ዙሪያና በፎገራ ረግረጋማ ቦታዎች የሚሰፍሩት አእዋፍም ለአነስተኛ ከፍታ በረራ ስጋት ናቸው።

ከአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለች በአንድ ሞተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የአገር ውስጥ በረራ በአመዛኙ የተካሄደው በሣርና በጠጠር ማረፊያ ሜዳዎች ላይ ነው። ደብረ ታቦርም በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ የራሷ መለያ ኮድ ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት።

ማረፍ በማይቻልበት ቦታ አለማረፍን መምረጥ ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ ምሳሌም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1966 ዓ.ም. በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ለማድረስ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ ኤምኤፍአይ 15 በተባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች እህሉን በክንፍ ሥር አንጠልጥለው ዝቅ ብለው በመብረር ይጥሉ ነበር። መኪናም ሆነ አውሮፕላን ሊያርፍባቸው ባልቻለ ተራራማ ስፍራዎች እርዳታው የደረሰው ጎማ መሬት ሳይነካ ነው።

ለደቡብ ጎንደር ቅርብ የሆነውና በአሳዛኝነቱ የሚታወሰው አደጋ ግን መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር የደረሰው ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ ይጓዝ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር እንደተነሣ የእርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጉልበት በማጣታቸው ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ ለማረፍ ተገደደ፤ ከዚያም እሳት ተነሣ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35 መንገደኞች ሕይወታቸው አለፈ፤ 69 ሰዎች ተረፉ።

ይህ አውሮፕላን ትንሽ ባይሆንም አደጋው ለማንኛውም አብራሪና ለማንኛውም የአካባቢ ነዋሪ የሚሆኑ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል። አንደኛው፣ ሞተር በጠፋ ጊዜም ቢሆን ክንፎቹን ደልድሎና መቆጣጠሪያውን ሳይለቁ መሬት መንካት የብዙዎችን ሕይወት ሊያተርፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ከምቱ በኋላ የሚነሣ እሳት ከምቱ ያልተናነሰ አደጋ መሆኑ ነው።

አብራሪዎችና ባለንብረቶች ሊወስዷቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

በኃይል ማረፍ በአብዛኛው የሚወሰነው ጎማው መሬት ከመንካቱ በፊት ነው። በመሆኑም መከላከያው የሚጀምረው ከዝግጅት ይሆናል።

• ከበረራ በፊት የማረፊያውን ከፍታ፣ የዕለቱን ሙቀትና የአውሮፕላኑን ክብደት መሠረት በማድረግ የማረፊያና የመነሻ ርቀት ከአውሮፕላኑ መመሪያ ማስላት፤ ርቀቱ ካልበቃ ጭነት መቀነስ ወይም ሌላ ማረፊያ መምረጥ።

• በመጨረሻው አቀራረብ ላይ ፍጥነትን በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያው መቆጣጠር።

• አየሩ ጥሩና ዕይታው ግልጽ በሆነበት ጊዜ፣ ከማኮብኮቢያው በላይ 150 ሜትር ገደማ ላይ ሲደረስ ፍጥነቱ፣ የቁልቁለቱ መጠንና አቅጣጫው ካልተረጋጉ ማረፉን መተው።

• ከነጠሩ በኋላ አፍንጫውን ወደ ታች አለመግፋት፤ ሞተሩ አቅም ካለውና ቦታ ካለ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና መነሣት።

• ከፊቱ ተራራ ባለበትና በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚታረፍበት ሜዳ፣ እንደገና መነሣት የማይቻልበትን ነጥብ ከመውረድ በፊት መወሰን።

ማረፉን ትቶ እንደገና መዞር የችሎታ ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። መንገደኛ የሚያስከትል ባለንብረት ወይም ሥራ አስኪያጅ አብራሪው በዚህ ምክንያት እንደማይወቀስ አስቀድሞ ግልጽ ማድረግ ይጠበቅበታል። የነዳጅ ወጪን ወይም የሰዓት መዘግየትን በማሰብ የሚፈጠር ጫና አብራሪው ያልተስተካከለ አቀራረብን እስከ መሬት ድረስ እንዲቀጥልበት ይገፋፋዋል።

የአገራችን አብራሪዎች በዚህ ረገድ መልካም አጋጣሚ አላቸው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የሚሠለጥን አብራሪ የሳሳ አየር ጠባይን ከመጀመሪያው ይለማመዳል። ይሁን እንጂ ረጅምና አስፋልት የለበሰ ማኮብኮቢያ የለመደ አብራሪ ወደ አጭር የደጋ ሜዳ ከመሄዱ በፊት ቦታውን ከሚያውቅ አብራሪ ጋር መብረሩ ተገቢ ነው።

በኃይል ካረፈ በኋላ

በኃይል ያረፈ አውሮፕላን ከውጭ ሲታይ ደኅና ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ ግን በማረፊያ እግሩ መጋጠሚያ፣ በክንፉ ሥር፣ በሞተሩ ማቀፊያ ወይም በነዳጅ ቱቦዎች ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነ፣ ምላጩ ጥቂት ብቻ ቢጣመም እንኳ የሞተሩ የውስጥ ክፍሎች መመርመር አለባቸው። ሳይመረመር ዳግመኛ የተነሣ አውሮፕላን ስንጥቁን ይዞ ይበራል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ስለ መጀመሪያው ምት ምንም የማያውቁ ቀጣይ ተሳፋሪዎች ናቸው። ስለዚህ አብራሪው ክስተቱን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ማስፈርና ፈቃድ ባለው የጥገና ባለሙያ ታይቶ ብቁነቱ እስኪረጋገጥ ከመብረር መቆጠብ አለበት።

በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው የአደጋ ምልክት አስተላላፊ በምቱ ምክንያት በራሱ ሊበራ ስለሚችል መፈተሽ ይኖርበታል። ሰው ሳይጎዳ ምልክቱ ቢተላለፍ፣ ነፍስ አድን ቡድኖች በከንቱ እንዳይሰማሩ ለአየር ትራፊክ ቁጥጥር ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።

ኢትዮጵያ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበውን የቺካጎ ስምምነት ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። የዚህ ስምምነት 13ኛ ተቀጽላ ሰው የሞተበት፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ወይም የአውሮፕላኑን ዋና አካል ያናጋ ክስተት እንዲመረመር ይደነግጋል። የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ ወደፊት እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛን ወይም ተጠያቂን መለየት እንዳልሆነም በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ክስተቱን ማሳወቅ ሌሎችን የሚጠብቅ ተግባር ነው።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

በገጠር አካባቢ አውሮፕላን በኃይል ሲያርፍ ወይም ሲወድቅ ቀድመው የሚደርሱት አርሶ አደሮች፣ እረኞችና መንገደኞች ናቸው። እነዚህ ወገኖች የሚከተሉትን ቢያውቁ ሕይወት ለማትረፍም ሆነ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይረዳቸዋል።

• ፕሮፔለሩ እየዞረ ከሆነ ፈጽሞ አለመጠጋት፤ ከቆመም በኋላ በድንገት ሊዞር ስለሚችል አለመንካት፤ ወደ አውሮፕላኑ ከጎን ወይም ከኋላ መቅረብ።

• የብዙዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ በቀላሉ የሚቀጣጠል ቤንዚን ስለሆነ በአካባቢው ሲጋራ አለማጨስ፣ ክብሪት አለመጫር፣ ምድጃና ኩራዝ ማራቅ።

• እሳት ከሌለ የተጎዳን ሰው ጎትቶ ከማውጣት መቆጠብ። የቁልቁል ምት የጀርባ አጥንትን ስለሚጎዳ፣ ያለ ጥንቃቄ ማንቀሳቀስ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። እሳት ከተነሣ ወይም ጭስ ከታየ ግን ሰውን ማውጣት ይቀድማል።

• በራሱ ተራምዶ የወጣ ሰው ደኅና ነው ብሎ አለመደምደም፤ ወደ ጤና ተቋም እንዲደርስ ማገዝ።

• አንዳንድ ትናንሽ አውሮፕላኖች በሮኬት የሚወነጨፍ ጃንጥላ ስላላቸው፣ ገመድም ሆነ የተዘጋ ክፍል አለመቁረጥና አለመጎተት።

• ቁርጥራጮችን አለማንሣት፣ አለማዛወርና ለመታሰቢያ አለመውሰድ፤ ለመርማሪዎች እያንዳንዱ ቁራጭና በመሬት ላይ ያለው የጎማ ምልክት ማስረጃ ነው።

• በአቅራቢያው ለሚገኝ የፖሊስ ጣቢያና ለቀበሌ አስተዳደር ወዲያውኑ ማሳወቅ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የተጎጂዎችን ብዛት በትክክል መናገር።

የማረፊያ ሜዳ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከብቶችን ከሜዳው ማራቅ፣ ሜዳውን ለአውድማም ሆነ ለእግር ኳስ አለመጠቀም፣ ጉድጓድ አለመቆፈርና በመግቢያና መውጫው አቅጣጫ ባሕር ዛፍ አለመትከል ያስፈልጋል። በሜዳው አጠገብ ቆሻሻና የእንስሳት ጥንብ መጣልም ጥንብ አንሳዎችን ስለሚስብ መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

ማጠቃለያ

በደጋማ አካባቢዎች የትናንሽ አውሮፕላኖች በኃይል ማረፍ ከሳሳ አየር፣ ከዓይን ማሳሳት፣ ከነፋስና ከተጣደፈ ውሳኔ የሚመነጭ ሲሆን፣ በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። አብራሪው መለኪያውን አምኖ ያልተስተካከለ አቀራረብን ሲተው፣ ባለንብረቱ ያልተመረመረ አውሮፕላን እንዳይበር ሲከለክል፣ የአካባቢው ነዋሪም የማረፊያ ሜዳውን ሲጠብቅና በአደጋ ጊዜ በጥንቃቄ ሲረዳ፣ የተሳፋሪው ደኅንነት በሦስቱም እጅ ይጠበቃል።